በብርድ ወራት የሚያብብ ሄዘር፦ የትኛው ዝርያ ለየትኛው ቦታ?

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሄዘሮች፣ ማለትም መርፌ መሰል ቅጠል ያላቸውን ባለ አበባ ቁጥቋጦዎች፣ የገዛሁት ቀለማቸው ዓይኔን ስቦት ነው። ዛፎች ቅጠላቸውን የሚያራግፉበት ወቅት ነበር፤ ሌላው ተክል ሁሉ ሲጠወልግ እነሱ ከሥር እስከ ጫፍ ሮዝ አበባ ለብሰው ተደርድረዋል። መለያ ወረቀታቸው ላይ «ሄዘር» ከሚለው ቃል በቀር የተጻፈ ነገር አልነበረም። ሄዘር ብርድ ይችላል ሲባል ሰምቼ ስለነበር ሌላ ሳልጠይቅ ወስጄ ተከልኳቸው። የመጀመሪያው ብርቱ ውርጭ በወረደ ማግስት ሦስቱም ግራጫ ሆነው ቆዩኝ፤ በጣቴ ስነካቸው እንደ ጭድ ተሰባበሩ። የገዛሁት ኤሪካ ግራሲሊስ የሚባለውን የደቡብ አፍሪካ ዝርያ መሆኑን ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። አበባው እጅግ ያምራል፤ ውርጭ ግን አይችልም።

ከዚያ ወዲህ ሄዘር ስመርጥ ከአበባው አልጀምርም። መጀመሪያ ቦታውን አያለሁ፦ ብርዱ ምን ያህል ይበረታል? አፈሩ ውሃ ያቁራል ወይስ ያሳልፋል? ኖራ አለበት ወይስ የለበትም? ተክሉ የሚሰፋበት ስፍራ ምን ያህል ነው? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ዝርያውን ይወስናል። ቀለሙ የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው፤ ነጩም ሮዙም በሁሉም ዋና ዋና ዝርያዎች ዘንድ ስለሚገኝ ለቀለም ሲባል ያልሆነ ዝርያ መትከል አያስፈልግም።

አንድ የቃል ነገር አስቀድሜ ላጥራ። በአማርኛ ክረምት የዝናቡ ወቅት ነው። ይህ ተክል የሚያብበው ደግሞ ውርጭና በረዶ በሚበረታበት ጊዜ ስለሆነ እዚህ «የብርድ ወራት» እላለሁ። የምጠቅሳቸው ወሮች በሰሜኑ የምድር አጋማሽ ያሉትን አገሮች ይመለከታሉ፤ በደቡቡ አጋማሽ ያለ አንባቢ ስድስት ወር ጨምሮ ያስላ።

ስሙ አንድ፣ ተክሉ ብዙ

ኤሪካ የሚባለው ወገን ከ800 በላይ ዝርያዎች አሉት። አብዛኞቹ የሚገኙት በደቡብ አፍሪካ የኬፕ አካባቢ ሲሆን ከባድ ውርጭ አይችሉም። አስታ ብለን የምናውቀው፣ በስሜንና በባሌ ተራሮች ከፍታ ላይ የሚበቅለው ቁጥቋጦም ከዚሁ ወገን ነው፤ የሳይንስ ስሙ ኤሪካ አርቦሪያ ይባላል። ስለዚህ ሄዘር የሚለው ቃል ባዕድ ቢመስልም ተክሉ ለአማርኛ አንባቢ የሩቅ እንግዳ አይደለም። በብርድ ወራት በማበብ የታመኑት ግን ሦስት ናቸው፦ ኤሪካ ካርኒያ፣ ኤሪካ ኤሪጄና፣ እንዲሁም የሁለቱ ዲቃላ የሆነው ኤሪካ ዳርሊየንሲስ።

ከእነዚህ ጋር በገበያ ላይ የሚደባለቀው ካሉና ነው። እሱም «ሄዘር» ተብሎ ይሸጣል፤ እንዲያውም ስሙ በመጀመሪያ የእሱ ነበር ማለት ይቻላል። ካሉና የሚያብበው ከሐምሌ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው፤ ኖራ ያለበትን አፈርም ፈጽሞ አይወድም። ብርድ ይችላል፤ በጥር አበባ እንዲያሳያችሁ ግን አትጠብቁ።

ሁለቱን ለመለየት መለያ ወረቀት አያስፈልግም። አንዲት ቅርንጫፍ ወደ ዓይናችሁ አቅርቡ። የኤሪካ ቅጠል እንደ አጭር መርፌ ነው፤ ሦስት ወይም አራት እየሆነ ከአንድ አንጓ ዙሪያውን ይወጣል፤ በመካከሉም ግንዱ ይታያል። የካሉና ቅጠል ግን ቅርፊት የምታህል ትንሽ ነገር ናት፤ በአራት ረድፍ ተደራርባ ግንዱን ስለምትሸፍነው ቅርንጫፉ የተጎነጎነ ሹሩባ ይመስላል። አንድ ጊዜ በደንብ ያየ ሰው ዳግመኛ አይሳሳትም።

ስለ ካሉና ሳነሣ እንቡጡ ፈጽሞ ስለማይከፈተው ዓይነት መናገር አለብኝ፤ ብዙ ሰው የሚታለለው በእሱ ነው። አበባው ስለማይከፈት አይረግፍም፤ ቀለሙም ብርዱ እስኪጠና ድረስ ይቆያል። ለደጃፍ የሚሆን የአበባ ማሰሮ ለሁለት ለሦስት ወር ለማስዋብ ከፈለጋችሁ መልካም ምርጫ ነው። ይሁን እንጂ ንብ የምትቀስመው ነገር የለውም፤ ዘግይቶ የሚታየው ቀለምም ከቀድሞው የቀረ እንጂ አዲስ አበባ አይደለም። ለመሬት፣ ለብዙ ዓመት የሚተከል የብርድ ወራት አበባ ለሚፈልግ ሰው እኔ አልመክረውም።

ካርኒያ ወይስ ዳርሊየንሲስ?

ለአብዛኛው ሰው እውነተኛው ምርጫ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል።

ኤሪካ ካርኒያ የተራራ ተክል ነው። የትውልድ ቦታው አልፕስና በመካከለኛው፣ በምሥራቁና በደቡቡ አውሮፓ ያሉ ተራሮች ናቸው። ጀርመኖች «የበረዶ ሄዘር» ይሉታል፤ በረዶ ከላዩ ተከምሮበት ከርሞ፣ በረዶው ሲቀልጥ አበባውን ይዞ ብቅ ስለሚል ስሙ ይገባዋል። ቁመቱ ከ15 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ወደ ጎን ግን ግማሽ ሜትር ያህል ይሰፋል። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ብርድን ያለ ችግር ይቋቋማል፤ በረዶ ከሸፈነውም ከዚያ የባሰውን ይችላል። ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 «ካርኒያ» ያለው በአበባው ቀለም ምክንያት ነው፤ ቃሉ በላቲን የሥጋ ቀለም ያለው ማለት ነው። በአሮጌ ጽሑፎችና በአንዳንድ መለያ ወረቀቶች ላይ ኤሪካ ኸርባሲያ የሚል ስም ብታዩ ሌላ ተክል አይምሰላችሁ፤ ያው ራሱ ነው።

ይህን ተክል ቆሞ ማየት አይበቃም። ጥር ላይ ፀሐይ በወጣችበት ቀን አጠገቡ ተንበርከኩ። አበቦቹ ከጤፍ ራስ ብዙም የማይበልጥ ስፋት ባለው ዘለላ ላይ፣ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብለው የተንጠለጠሉ ጠባብ ቃጭሎች ናቸው፤ የአንዱ ርዝመት ከአምስት እስከ ስድስት ሚሊ ሜትር ቢደርስ ነው። ከእያንዳንዱ ቃጭል አፍ ጥቁር ሐምራዊ የሆኑ የብናኝ ከረጢቶች ወጣ ወጣ ብለው ይታያሉ። ከሩቅ ሲታይ ተክሉ ሮዝ ብቻ ሳይሆን ጠቆር ያለ ጥላ ያለበት የሚመስለው በእነዚህ ነጥቦች ምክንያት ነው። ፀሐይዋ ትንሽ ካሞቀችው ንብ አታጡበትም፤ ሌላ የሚቀሰም አበባ በሌለበት ወር ነውና።

ከካርኒያ ዓይነቶች መካከል ስማቸው ደጋግሞ የሚነሣ አሉ። ነጩ «ስፕሪንግውድ ዋይት» ከሁሉም በላይ መሬት የሚያለብስ ነው፤ ግንዱ በምድር ላይ እየተሳበ በየደረሰበት ሥር ስለሚሰድ አረምን ያፍናል። መጀመሪያ የተገኘው በጣሊያን ተራራ ላይ ሲሆን ስሙን ያገኘው ስኮትላንድ ውስጥ ከሚገኝ የአትክልት ቦታ ነው። ለዳገት፣ ለድንጋይ ካብ አናት፣ ለአጥር ሥር ከእሱ የተሻለ አላየሁም፤ ጠባብ ቦታ ላይ ግን ጎረቤቱን ይውጣል። «ማይርተን ሩቢ» ተቃራኒው ነው፦ ረጋ ብሎ ያድጋል፣ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ አበባው ሐመር ሆኖ ይጀምርና እያደር ወደ ጥልቅ ቀይ ይለወጣል። «ቪቬሊ» በብርድ ወራት ቅጠሉ ራሱ ወደ ነሐስ ቀለም ይጠቁራል። «ፎክስሆሎው»ን የሚተክሉት ለአበባው ሳይሆን ለቅጠሉ ነው፤ ወርቃማ ቢጫ ሆኖ ከርሞ ብርዱ ሲጠና ብርቱካንማ ይነካዋል። እንዲህ ያሉ ባለ ቢጫ ቅጠል ዓይነቶች ሙሉ ፀሐይ ካላገኙ ወደ ተራ አረንጓዴ ይመለሳሉ።

ወደ ዳርሊየንሲስ እንለፍ። ይህ ተክል በዱር የለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ በእንግሊዝ ደርቢሺር፣ ዳርሊ ዴል በሚባል ስፍራ ባለ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ካርኒያና ኤሪጄና ጎን ለጎን ሲያድጉ የተገኘ ዲቃላ ነው፤ ስሙም ከዚያው ቦታ ወጣ። ከካርኒያ ብርድ መቻልን፣ ከኤሪጄና ቁመትን ወርሷል። ከ30 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ወደ ጎን ደግሞ 60 ወይም 70 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። አበባው ብዙ ጊዜ ከካርኒያ ቀድሞ በኅዳር ይጀምርና እስከ ሚያዝያ ይዘልቃል። አምስት ወር ሙሉ የሚያብብ ሌላ ቁጥቋጦ ፈልጉ ብባል ብዙ አስባለሁ። አበባው ሲያበቃ ደግሞ በብዙዎቹ ዓይነቶች ላይ አዲሱ ቅጠል ጫፉ ክሬም ወይም ሮዝ ሆኖ ይወጣል፤ ሁለተኛ ዙር አበባ የያዘ ይመስላል።

ከዓይነቶቹ «ዚልበርሽሜልዘ» ነጭ ነው፤ ስሙ በጀርመንኛ የቀለጠ ብር ማለት ሲሆን ለስለስ ያለ መዓዛም አለው። «ክራመርስ ሮተ» ከቀዮቹ ሁሉ ጠንካራው ነው፤ ቅጠሉ ጠቆር ያለ፣ አበባው ወደ ማጀንታ ያደላ። «አርተር ጆንሰን» ረጃጅም የአበባ ዘለላ ስላለው ቆርጠው በውሃ ብርጭቆ ውስጥ ማስቀመጥ ለሚወዱ ይሆናል።

እንግዲህ የቱ ይሻላል? ብርዱ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪን ደጋግሞ የሚያልፍበት ቦታ ከሆነ ካርኒያን ትከሉ፤ ክርክር የለውም። ዳርሊየንሲስ እስከዚያ ድረስ ብዙ ጊዜ ይችላል፣ ከዚያ ሲያልፍ ግን ጫፎቹ ይቃጠላሉ፤ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ላይ ደግሞ ቀድሞ ይጎዳል። ብርዱ ለዘብ ያለ፣ ቦታው ሜዳና ሰፊ፣ ከመስኮት የሚታየውም ከሩቅ ከሆነ ዳርሊየንሲስ ያሸንፋል፤ ካርኒያ እጅግ አጭር ስለሆነ ከአሥር ሜትር ሲታይ ከመሬቱ ጋር ይመሳሰላል። በእግረኛ መንገድ ዳር፣ በደረጃ አጠገብ፣ በድንጋይ መካከል ግን ካርኒያ ነው የሚያምረው። ቦታ ላለው ሰው እኔ የማደርገው ዳርሊየንሲስን ከኋላ፣ ካርኒያን ከፊት አድርጌ ሁለቱንም መትከል ነው፤ አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ስለሚያብብ አበባው ሳይቋረጥ ይዘልቃል።

ቁመት ወይም መዓዛ ለሚፈልግ

የዲቃላው ሌላ ወላጅ የሆነው ኤሪካ ኤሪጄና በምዕራብ አየርላንድ በሜዮና በጎልዌይ፣ እንዲሁም በፖርቱጋል፣ በስፔንና በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በዱር ይበቅላል። ቀጥ ብሎ የሚቆም ቁጥቋጦ ነው፤ ረጃጅሞቹ ሁለት ሜትር ያልፋሉ። መዓዛው የማር ነው፤ ነፋስ በሌለበት ቀን አጠገቡ የሚያልፍ ሰው መለስ ብሎ ያያል። ከሌሎቹ ዘግይቶ፣ አብዛኛው ከየካቲት እስከ ግንቦት ያብባል። ድካሙ ሁለት ነው። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ካለፈ መጎዳት ይጀምራል፤ እንጨቱም ተሰባሪ ስለሆነ ከባድ በረዶ ሲከመርበት ከመካከሉ ይሰነጠቃል። በረዶ የሚበዛበት ቦታ ያለ ሰው ነጭ ወይም ሮዝ እያለ ከመጨነቁ በፊት ይህን ያስብ። መጠለያ ካለ፣ ለምሳሌ ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ሥር፣ አጠር ብሎ ክብ የሚሆነውን ነጩን «ደብልዩ. ቲ. ራክሊፍ» ወይም ከሌሎቹ ቀድሞ የሚያብበውን «አይሪሽ ደስክ» ምረጡ።

አስታ ከዚህ ሁሉ ይለያል። በአትክልት ቦታ ውስጥ ሁለት ሦስት ሜትር የሚደርስ ዛፍ መሰል ቁጥቋጦ ነው፤ ከመጋቢት ጀምሮ ነጭ፣ መዓዛማ አበባ ያፈስሳል። የብርድ ወራት መጨረሻ ተክል እንጂ የመካከሉ አይደለም። ብርድን በተሻለ የሚችለው «አልፒና» የተባለው ዓይነት ነው። ኖራ አይስማማውም፤ አሲዳማ ወይም ገለልተኛ አፈር ይፈልጋል። ከሥሩ የሚወጣው እብጠት እሳትን ስለሚቋቋም የትምባሆ ፒፓ የሚሠራው ከእሱ ነው፤ ያው እብጠት ተክሉ እስከ ሥሩ ቢቆረጥ እንኳ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ያደርገዋል። ዝቅ ላሉት ሄዘሮች ከኋላ የሚቆም አንድ ረጅም ተክል ለሚፈልግ አስታን አስቀድማለሁ።

የፖርቱጋሉ ኤሪካ ሉሲታኒካ ቀድሞ፣ በታኅሣሥና በጥር ማበብ ይጀምራል፤ እንቡጡ ሮዝ፣ አበባው ነጭ ነው። ውርጭ ለሚበረታበት ቦታ አይሆንም፤ ኒውዚላንድን በመሰሉ አገሮች ደግሞ ከአትክልት ቦታ አምልጦ አረም ስለሆነ ከመትከል በፊት የየአገሩን ሕግ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አፈሩን መጠየቅ

ስለ ሄዘር የሚነገረው የተለመደው ነገር «አሲዳማ አፈር ብቻ ይወዳል» የሚል ነው። ለካሉና እውነት ነው። ካርኒያ፣ ዳርሊየንሲስና ኤሪጄና ግን መጠነኛ ኖራን ይታገሣሉ፤ ካርኒያ በአልፕስ የሚበቅለው በኖራ ድንጋይ ላይም ጭምር ነው። ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ «የእኔ አፈር አይሆንም» ብሎ ይተወዋል፤ ያሳዝነኛል። መታገሥ ማለት ግን መውደድ አይደለም። አፈሩ ስስ ሆኖ ከሥሩ ነጭ ኖራ ካለበት ቅጠሉ ብረት አጥቶ ቢጫ ይሆናል።

አፈራችሁን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ይህ ነው፦ ከአሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አንድ እፍኝ አፈር አውጡ፣ አድርቁት፣ ኮምጣጤ አፍስሱበት። እየተፍለቀለቀ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፤ ካሉናንና አስታን ተዉ፣ ካርኒያን ወይም ዳርሊየንሲስን ያዙ። ዝም ካለ ሁሉም ይሆናል። ትክክለኛውን የፒኤች (የአሲድነት) መጠን ለማወቅ የሚፈልግ ርካሽ መለኪያ መግዛት ይችላል፤ ለውሳኔው ግን ኮምጣጤው ይበቃል።

ከኖራ ይልቅ ሄዘርን የሚገድለው የቆመ ውሃ ነው። ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሩ፣ በውሃ ሙሉት፣ በማግስቱ እዩት። ውሃው አሁንም ካለ በዚያ ቦታ ላይ ማንኛውንም ዝርያ ብትተክሉ ሥሩ በፈንገስ መሰል በሽታ ይበሰብሳል። የበሽታው መነሻ ምልክት አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ከሌሎቹ ተለይቶ ግራጫ መሆኑ ነው፤ ከዚያ ወደ ሙሉው ይዛመታል። መረሬ ለሆነ ከባድ አፈር መፍትሔው ጉድጓዱን በአሸዋ መሙላት አይደለም፤ እንዲህ ሲደረግ ጉድጓዱ ራሱ ውሃ መያዣ ይሆናል። ይልቁንም መደቡን ከመሬት ሃያ ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ፣ አፈሩን ከቅጠል ብስባሽና ከጥድ ቅርፊት ጋር ቀላቅላችሁ ትከሉ።

የሄዘር ሥር የፀጉር ያህል ቀጭን ነው። ችግኙን ከማሰሮው አውጥታችሁ ብታዩ የተጠቀለለ ጠጉር ይመስላል። ከሥሩ ጋር አብሮ የሚኖር ፈንገስ አለ፤ ከድሃ አፈር ውስጥ ምግብ የሚፈልግለት እሱ ነው። ስለዚህ ፍግም ሆነ ማዳበሪያ አያስፈልገውም። ፍቅራችሁን በማዳበሪያ ልትገልጹለት አትሞክሩ፤ ልምላሜው ይበዛል፣ አበባው ይቀንሳል፣ ውርጭም በቀላሉ ይጎዳዋል።

ትንሽ ችግኝ ወይስ ትልቅ? መሬት ወይስ ማሰሮ?

ትልቁ ችግኝ ዕለቱኑ ዓይን ይሞላል። ነገር ግን በማሰሮ ውስጥ ዓመታት የቆየ ሥር ዙሪያውን ተጠቅልሎ ስለሚጠነክር ወደ አዲሱ አፈር ለመግባት ይቸገራል። ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር በሆነ ማሰሮ ያለ የአንድ ዓመት ወይም የሁለት ዓመት ችግኝ በሁለተኛው ዓመት ትልቁን ይደርስበታል፤ በሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይበልጠዋል። ቦታውም ገንዘቡም የሚፈቅድ ቢሆን እንኳ ትንሹን ነው የምመርጠው። ስትገዙ ከአበባው ይልቅ ከታች ያለውን ቅጠል እዩ፤ መካከሉ ቡናማ ከሆነ ተክሉ አንድ ጊዜ ደርቆ ነበር ማለት ነው። ማሰሮውን በእጃችሁ ያዙት፤ ከሚጠበቀው በላይ ከቀለለ አፈሩ ደርቋል፤ ሄዘር ደግሞ አንድ ጊዜ ጨርሶ ከደረቀ አያገግምም።

ማሰሮ ለካርኒያ ይስማማዋል፤ ከሥሩ ቀዳዳ ያለው፣ ቢያንስ ሃያ አምስት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ይሁን። ሁለት አደጋዎች አሉት፦ በብርድ ወራት የማሰሮው አፈር ከዳር እስከ ዳር ሊጋገር ይችላል፣ በሙቀቱ ወራት ደግሞ በአንድ ቀን ይደርቃል። ብርቱ ውርጭ ሲጠበቅ ማሰሮውን ወደ ግድግዳ ማስጠጋትና በጆንያ መጠቅለል ይበቃል። ቤት ውስጥ አታስገቡት፤ የክፍል ሙቀት በሁለት ሳምንት ውስጥ አበባውን ያረግፈዋል።

መትከልና መከርከም

ለመትከል የሚሻለው ጊዜ መስከረምና ጥቅምት ነው፤ አፈሩ ገና ሞቃት ስለሆነ ሥሩ ከብርዱ በፊት ይይዛል። ብርዱ እጅግ የሚጠናበት አገር ላይ ግን ብርዱ እስኪለቅ ጠብቆ በሚያዝያ መትከል ይሻላል። ከመትከላችሁ በፊት ማሰሮውን በባልዲ ውሃ ውስጥ ንከሩት፤ አረፋ መውጣቱ ሲያቆም ጠጥቷል ማለት ነው። የተጠቀለለውን ሥር በጣታችሁ ፈታ አድርጉ። ተክሉን ጠለቅ አድርጋችሁ፣ የታችኞቹ ቅጠሎች መሬት እስኪነኩ ድረስ ትከሉት፤ ባዶ ግንድ ከታየ ነፋስ ይወዘውዘዋል። የካርኒያ ርቀት 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን በአንድ ካሬ ሜትር ስድስት ያህል ይገባል፤ ዳርሊየንሲስ በ50 ሳንቲ ሜትር አራት ይበቃዋል። ከአንዱ ዓይነት ሦስት ወይም አምስት አንድ ላይ ትከሉ። ከየዓይነቱ አንድ አንድ እየለቀሙ መደርደር መደቡን የተቆራረጠ ያስመስለዋል።

የመጀመሪያው ዓመት ሙሉ አፈሩ እንዳይደርቅ በየሳምንቱ ማጠጣት፣ ከላይ በጥድ ቅርፊት ወይም በጥድ ቅጠል ጉዝጓዝ ማልበስ ያስፈልጋል። የቧንቧው ውሃ ኖራ የሚበዛበት ከሆነ የዝናብ ውሃ አጠራቅሙ። በረዶ ሳይኖር ፀሐይና ነፋስ ያለበት ውርጭ ሲከታተል ቅጠሉ ውሃ ያጣል፣ ሥሩ ደግሞ ከተጋገረ አፈር መምጠጥ አይችልም፤ እንዲህ ባለው ሳምንት የጥድ ቅርንጫፍ አልብሱት።

በመከርከም ረገድ ዝርያዎቹ እኩል አይደሉም። ካርኒያ አጭር ስለሆነ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ዳር ዳሩን መስተካከል ይበቃዋል። ዳርሊየንሲስና ኤሪጄና በየዓመቱ ካልተከረከሙ መካከላቸው ተራቁቶ እንጨት ብቻ ይቀራል። ጊዜው አበባው እንዳለቀ፣ ሚያዝያ ወይም ግንቦት ነው። መቀሱን ከደረቀው አበባ ዝቅ አድርጋችሁ፣ አረንጓዴ ቅጠል ባለበት ላይ ቁረጡ፤ ቅጠል የሌለው አሮጌ እንጨት ላይ ከተቆረጠ ብዙ ጊዜ አያቆጠቁጥም። አስታ ግን እስከ ሥሩ ቢቆረጥም ይነሣል።

የሚቀጥለው ብርድ አበባ የሚቋጠረው በሙቀቱ ወራት ነው። ነሐሴ ላይ የካርኒያን ጫፍ ገልጣችሁ ብታዩ ገና አረንጓዴ የሆኑ፣ ከሰሊጥ የማይበልጡ እንቡጦች ተደርድረው ታገኛላችሁ። ከሰኔ በኋላ መቀስ የሚያነሣ ሰው የሚቆርጠው እነዚህን ነው።

የካርኒያ መካከሉ ከጊዜ ብዛት ቢራቆት አትንቀሉት። ባዶው መካከል ላይ የቅጠል ብስባሽና አሸዋ ቀላቅላችሁ፣ ጫፎቹ ብቻ እስኪታዩ ሙሉት። ከዳር ያለ አንድ ግንድም ወደ መሬት አጎንብሳችሁ፣ ድንጋይ ጭናችሁ ተዉት። በዓመቱ ድንጋዩን ስታነሡ ከሥሩ ያ ጠጉር መሰል ሥር ወጥቶ ይታያል፤ ከእናቱ ቆርጣችሁ ወዲያው በመረጣችሁት ቦታ ትተክሉታላችሁ።